ቢ ሪአክተርን ለማየት ከሲያትል ድረስ መንዳት ያዋጣል?

ባጭሩ፣ ያዋጣል። ፊዚክስ የሚወድ ሰው ከሆነማ ጥያቄም የለው። ቢ ሪአክተር አቶም የሚሰነጠቅበት ትልቅ ምድጃ ነው፤ የሚገኘው በዋሽንግተን ስቴት፣ ሃንፎርድ በሚባለው ደረቅ ሜዳ፣ ኮሎምቢያ ወንዝ ዳር ነው። ለአቶም ቦምብ የሚሆነውን ፕሉቶኒየም በብዛት ለማምረት የተሠራ የመጀመሪያው የዓለም ሪአክተር ነው። ከሲያትል እስከ ሪችላንድ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይነዳል። ከዚያ በአውቶቡስ ይወስዷችኋል። ጉብኝቱ በነጻ ነው።

ሀገር ቤት እያለሁ ሃይስኩል ፊዚክስ አስተምር ነበር። የአቶም መሰንጠቅን በጠመኔ ስዬ ነው የማስረዳው። አንድ ኒውትሮን (በአቶም እምብርት ውስጥ ያለ ቅንጣት) ዩራኒየም 235 የሚባለውን አቶም ይመታል፣ አቶሙ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ሁለት ሦስት ኒውትሮን ይወጣል፣ የወጣው ደግሞ ሌላውን ይመታል። ይሄ ለተማሪ ቶሎ ይገባዋል። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ አንዴ ከተነሳ በምን ይያዛል? ቢ ሪአክተር የዚህን መልስ በዓይን ያሳያል።

የእህቴን ልጅ ይዤው ሄድኩ። 11ኛ ክፍል ነው። የሪአክተሩ ፊት ለፊት ያለው አዳራሽ ስንገባ ሁለታችንም አንጋጠን ቀረን። ፊቱ ላይ 2,004 የቱቦ አፎች በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። ከኋላቸው 1,200 ቶን ገደማ ግራፋይት (እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር) አለ። ኒውትሮን ከተሰነጠቀ አቶም ሲወጣ እጅግ ፈጣን ነው። ግራፋይቱ ፍጥነቱን ያበርደዋል፤ ሲበርድ ሌላ ዩራኒየም 235 የመሰንጠቅ ዕድሉ በጣም ይጨምራል። ዩራኒየሙ በአሉሚኒየም ታሽጎ፣ ስንዝር ስንዝር በሚያህል ቁራጭ በፊት በኩል ይገፋ ነበር። አዲሱ ሲገባ የቆየው በጀርባ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ሙቀቱን የሚወስደው የወንዙ ውሃ ነው፣ በደቂቃ 75,000 ጋሎን ገደማ። በዚያ ሁሉ ሙቀት ኤሌክትሪክ አልመነጨበትም። የተፈለገው ሌላው የዩራኒየም ዓይነት፣ ዩራኒየም 238፣ ኒውትሮን ውጦ የሚወልደው ፕሉቶኒየም ነበር።

ለኔ ግን ዋናው የመቆጣጠሪያው ክፍል ነው። አንዱ ግድግዳ በጌጅ ተሞልቷል፣ ለእያንዳንዱ ቱቦ አንድ። የአንዱ ቱቦ የውሃ ግፊት ብቻ ከልኩ ቢወጣ ሪአክተሩ እንዲቆም ተደርጎ ነው የተሠራው። እዚያ ቆማችሁ ነው ዜኖን የሚባለውን ጋዝ ታሪክ መስማት ያለባችሁ።

ሪአክተሩ የተነሳው ሴፕቴምበር 26 ቀን 1944 ማታ ነው። ታዋቂው የፊዚክስ ሊቅ ኤንሪኮ ፌርሚም እዚያው ነበር። ኃይሉ 9 ሜጋዋት ደረሰ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን ማንም ሳይነካው መውረድ ጀመረ። ኒውትሮን የሚውጡትን የመቆጣጠሪያ ዘንጎች ወደ ውጭ ቢስቡለትም እምቢ አለ። በማግስቱ ምሽት ጭራሽ ቆመ። ሲያድር ደግሞ ተመልሶ መነሳት ቻለ።

የእህቴ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ማን አጠፋው?» አለኝ። «ራሱ» አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩራኒየም ሲሰነጠቅ ከሚፈጠሩት ነገሮች አንዱ አዮዲን 135 ነው። እሱ በሰዓታት ውስጥ ወደ ዜኖን 135 ይለወጣል። ዜኖን 135 ደግሞ ኒውትሮን በመዋጥ አቻ የለውም። ሲጠራቀም ለመሰንጠቅ የተፈለገውን ኒውትሮን እየዋጠ ምድጃውን ያፍናል። ሪአክተሩ ሲቆም ዜኖኑ በራሱ ጊዜ ይከስማል፤ ግማሹ 9 ሰዓታት በሚያህል ጊዜ ውስጥ ያልቃል። የፊዚክስ ሊቁ ጆን ዊለር ኃይሉ የወረደበትንና የተመለሰበትን ሰዓት አስልቶ ጥፋተኛውን ለየው።

መፍትሔው ቀድሞ ተሠርቶ ነበር። እንደ ፊዚክስ ሊቃውንቱ ስሌት 1,500 ቱቦ ይበቃ ነበር። ሪአክተሩን የሠራው የዱፖንት ኩባንያ መሐንዲሶች ግን ለክፉ ቀን ብለው 504 ጨምረዋል። ተጨማሪዎቹ ቱቦዎች ዩራኒየም ሲሞሉ ሪአክተሩ ዜኖኑን አሸንፎ ሠራ። እኔ ይህን ታሪክ ለማንኛውም የምህንድስና ተማሪ ብነግረው ደስ ይለኛል። ዜኖን ዛሬም የሪአክተር ኦፕሬተሮች በየቀኑ የሚያስቡት ነገር ነው። በ1986 በደረሰው የቼርኖቤል ሪአክተር አደጋ ውስጥም እጁ አለበት።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ናጋሳኪ ላይ ኦገስት 9 ቀን 1945 የወደቀው ቦምብ ፕሉቶኒየም የመጣው ከሃንፎርድ ነው። በ1943 ደግሞ የዋይት ብላፍስና የሃንፎርድ መንደሮች ነዋሪዎች፣ ዋናፑም የሚባሉት የአካባቢው ነባር ሕዝቦችም፣ ለዚሁ ሥራ ሲባል ከቦታቸው እንዲነሱ ተደርገዋል። ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህንን መንገድ ላይ አውሩት። እኛ ስንመለስ እስከ ያኪማ ድረስ ያወራነው እሱን ነው፤ የእህቴ ልጅ ያነሳቸው ጥያቄዎች ከፊዚክሱ ይከብዱ ነበር።

የሪአክተሩን ውስጥ አያለሁ ብላችሁ አትጠብቁ፣ የሚታየው ፊቱ ነው። እንግሊዝኛ የማይቀናቸውን ወላጆች ከወሰዳችሁ አጠገባቸው ሆናችሁ አስተርጉሙላቸው፣ ማብራሪያው ረጅም ነው። ውሃና ምሳ ያዙ፣ የበጋው ፀሐይ ኃይለኛ ነው። ጉብኝቱ ሁልጊዜ ክፍት ስላልሆነ፣ መኪና ከማስነሳታችሁ በፊት ምዝገባ መኖሩን አረጋግጡ።