የሾተላይ ክታብና የሾተላይ መርፌ፦ ለሰሜን ሸዋ እናቶች የቱ ይበጃል?

ልጅ በተከታታይ የሚሞትባት እናት «ሾተላይ አለባት» ትባላለች። የሚቀርብላት ነገር ሁለት ነው፦ ከደብተራ የሚገዛ ክታብና ሰዉ «የሾተላይ መርፌ» የሚለው አንቲ-ዲ።

ክታቡ በእጅ ሥራነቱ የሚናቅ አይደለም። ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ የተፋቀ ብራና ነው፤ በጥቁርና በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ ሙሉው ሲሠራ በባለቤቱ ቁመት ይለካል። ሕፃናት ትገድላለች የምትባለው የውርዝልያና እሷን ገደለ የሚባለው የቅዱስ ሱስንዮስ ታሪክ ሰፍሮበት፣ ተጠቅልሎ፣ በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ ይታሰራል። ደም ውስጥ ግን የሚያደርገው አንዳች ነገር የለም።

በሽታው ያለው ደም ውስጥ ነው። አርኤች ቀይ የደም ሴል ላይ የሚገኝ ምልክት ነው፤ ያለው ሰው ፖዘቲቭ፣ የሌለው ኔጋቲቭ ይባላል። እናት አርኤች ኔጋቲቭ፣ ፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆኑ፣ በተለይ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እናቲቱ ይገባል፤ ሰውነቷም ባዕድ ነው ብሎ ፀረ እንግዳ አካል ያዘጋጃል። በኩሩ አብዛኛውን ጊዜ በደኅና ይወለዳል። በዚህ ፀረ እንግዳ አካል ቀይ የደም ሴሉ የሚፈርሰው ተከታዩ ፖዘቲቭ ልጅ ነው። አንዱ ተርፎ ሌሎቹ ሲሞቱ ነገሩ እርግማን ይመስላል፤ ጥፋቱም በእሷ ላይ ብቻ ይወድቃል። ፖዘቲቩ ደም የመጣው ግን ከአባት ነው! አባትየው ከወላጆቹ ከአንዱ ብቻ ኔጋቲቭ ዘር ከወረሰ ደግሞ ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ ኔጋቲቭ ይሆናሉ፤ በሽታው አይነካቸውም። ክታብ በታሰረበት ዓመት እንዲህ ያለው ልጅ ከተወለደ ምስጋናው ለብራናው ይሄዳል። ክታቡ «ሠራ» የሚባለው በዚህ ነው።

መርፌው ኔጋቲቭ እናት ይህን ፀረ እንግዳ አካል እንዳታዘጋጅ ይከላከላል። 300 ማይክሮግራም ሲሆን ጡንቻ ላይ ይወጋል፦ አንድ ጊዜ በ28ኛው ሳምንት፣ ሕፃኑ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ በተወለደ በ72 ሰዓት ውስጥ። ውርጃም ሲያጋጥም ሊያስፈልግ ይችላል። ምንም ካልተሰጠ ፖዘቲቭ ልጅ ከወለዱ 100 ኔጋቲቭ እናቶች እስከ 16ቱ በአንድ ወሊድ ፀረ እንግዳ አካል ሊያዘጋጁ ይችላሉ፤ ከወሊድ በኋላ ሲሰጥ ቁጥሩ ወደ 1 ወይም 2 ይወርዳል። 72 ሰዓት ሦስት ቀን ብቻ ነው። ለክታብ ሲባል ሦስት ቀን ካለፈ መከላከያው ይዳከማል፤ ቢሆንም እስከ 10 ቀን ድረስ መስጠት ጥቂት ሊረዳ ስለሚችል ተስፋ ቆርጦ መተው አይገባም።

መርፌው ጉድለት አለው። ፀረ እንግዳ አካሉ አስቀድሞ ከተፈጠረ አይሠራም፤ ስለዚህ ይህን አካል በእናቲቱ ደም ውስጥ የሚፈልገው፣ ኢንዳይሬክት ኩምብስ የሚባለው ምርመራ ይቀድማል። 300 ማይክሮግራም የሚሸፍነው ወደ 30 ሚሊ ሊትር የሚሆን የሕፃን ደም ነው፤ ከባድ መድማት ከነበረ ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል። ጤና ኬላ የሚይዘው መድኃኒትም ስላልሆነ የት እንደሚገኝ መጠየቅ ያለበት ምጥ ሳይመጣ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወርድ ሙቀቱ ያበላሸዋል፤ የመንዝ ውርጭም በረዶ ካደረገው ይጣላል። በበረዶ ሣጥን ሲጓዝ ጠርሙሱ በረዶውን እንዳይነካ በጨርቅ ይጠቀለል።

ከሁሉም የከፋው ጉዳት «ዐይን እንዳይበላው» ተብሎ አራስ ልጅ ጨለማ ቤት መደበቁ ነው። የበሽታው ምልክት የሆነው ቢጫነት ጨለማ ውስጥ አይታይም። ልጁን ወደ መስኮት አቅርቦ ግንባሩን በጣት ጫን አድርጎ መልቀቅ ነው፤ ቆዳው ቢጫ ሆኖ ከታየ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ ወዲያው ሆስፒታል ይወሰድ። የብርሃን ሕክምና ወይም ደም መቀየር ሊያስፈልገው ይችላል። ፀሐይ ማሞቅ ይህን አይተካም።

«ሾተላይ» የተባለ ሁሉም አርኤች አይደለም። ቂጥኝ፣ የደም ግፊትና ስኳርም ፅንስ ይገድላሉ፤ እትብት ላይ እበት ወይም ቅቤ መቀባት ለመንጋጋ ቆልፍ በር ይከፍታል። ክታብ ያሰረች እናት ማንኛውንም ሳትመረመር ልትቀር ትችላለች።

ክታቡ ለዚህ ሥራ ዋጋ የለውም። መርፌው ከነጉድለቱ ይመረጣል። ጸበል የምትጠመቅ እናትም መርፌውን በሰዓቱ ትውሰድ፤ ከሁሉ በፊት ግን በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል የደም ዓይነቷን ከነአርኤቹ ታስመርምር፤ ኔጋቲቭ ከሆነች ባሏም ይመርመር።