ስፕሊትዋይዝ ለደባሎች፦ ጎበዝ ጸሐፊ፣ ደካማ ዳኛ

ጓደኛሞች ትልቅ ከተማ ውስጥ በጋራ አፓርትመንት ለመከራየት ሲነሡ መጀመሪያ የሚከራከሩት ስለ ሰፈር ነው። ከገቡ በኋላ የሚያኳርፋቸው ግን ሒሳብ ነው። ስፕሊትዋይዝ የሚባለው አፕ የተሠራው ለዚህ ለሁለተኛው ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ፣ ፕሮቪደንስ ከተማ ውስጥ ተጀመረ፤ በአይፎን፣ በአንድሮይድና በኮምፒውተር ይሠራል። ሥራው ማን ምን እንደከፈለ መመዝገብና ማን ለማን ስንት እንደሚቀርበት ማስላት ነው። ኪራዩን ለአከራዩ የምታደርሱት ራሳችሁ ናችሁ፤ እሱ መዝገቡን ብቻ ይይዛል።

በመዝጋቢነቱ እንከን የሚወጣለት አይደለም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፦ አዲስ ወጪ ስታስገቡ ምንም ካልነካችሁት እኩል ያካፍላል። ለአንድ ምሽት እራት እኩል ይበቃል። ክፍሎቹ ለማይመጣጠኑ ቤት ግን ይህች ትንሽ ልማድ ኪራዩን ታዛባለች፤ ከዚያም አልፋ የቤት ፍለጋውን ራሱን ታጠባለች። እንዴት እንደምታጠብ ወደ ታች እናየዋለን።

አፑ ላይ የጋራ ወጪያችሁ የሚመዘገብበት ግሩፕ መከፈት ያለበት ቁልፍ ከተረከባችሁ በኋላ ሳይሆን ፍለጋው በተጀመረበት ዕለት ነው። ቤት ፍለጋ ላይ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ይደክማል፤ ደላላው የሚደውለው ለእሱ ነው፣ ታክሲ የሚከፍለው እሱ ነው፣ ለማመልከቻም ለማስያዣም ቶሎ እጁን ኪሱ የሚከተው እሱ ነው። ወር ሲያልፍ ወጪውን አይጠይቅም፣ አይረሳም። «ሆም» የሚለውን የግሩፕ ዓይነት መርጣችሁ ሁሉንም አባላት አስገቡና እያንዳንዷ የፍለጋ ወጪ በተከፈለችበት ሰዓት ትመዝገብ። ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ብትመዘግቡም ስልኩ መስመር ሲያገኝ ራሱ ያስተላልፈዋል፤ ስለዚህ «ማታ እጽፈዋለሁ» ማለት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ኪራዩ። አፑ ወጪን በእኩል፣ በትክክለኛ መጠን፣ በመቶኛ ወይም በድርሻ ያካፍላል። ድርሻው ስንት ይሁን የሚለውን ግን ከእናንተ ይጠብቃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሜትር ይዞ የክፍሉን ስፋት ይለካል። ስፋት ብቻውን ጥሩ ሚዛን አይደለም፤ የራሱ መታጠቢያ ያለው ጠባብ ክፍል፣ መንገድ ዳር ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ከሚጮህበት ሰፊ ክፍል ይሻል ይሆናል። ይሻላል አይሻልም የሚለው ደግሞ እንደ ሰዉ ነው፤ ሌሊት የሚሠራ ሰው የቀን ጸጥታን ይፈልጋል፣ ብዙ ዕቃ ያለው ቁም ሣጥን ያያል።

የተሻለው መንገድ የምሥጢር ግምት ነው። ሦስት ጓደኛሞች፣ ሦስት ክፍሎች፣ ጠቅላላ ኪራዩ 100 ነው እንበል። ሁሉም ሳይተያዩ ለእያንዳንዱ ክፍል «ለእኔ ይህን ያህል ያወጣል» የሚሉትን ይጽፋሉ፤ አንድ ሰው ለሦስቱ ክፍሎች የጻፈው ግምት ድምር የግድ 100 መምጣት አለበት። «ሀ» ለትልቁ 50፣ ለመካከለኛው 30፣ ለትንሹ 20 ጻፈ። «ለ» 42፣ 32፣ 26 አለ። «ሐ» ደግሞ 43፣ 33፣ 24። ቀጥሎ የግምቱ ድምር ከሁሉ የሚበልጥበትን ድልድል ፈልጉ፤ ሦስት ሰው ሦስት ክፍል የሚደለደልበት መንገድ ስድስት ብቻ ስለሆነ በወረቀት ያልቃል። እዚህ ትልቁ ለ«ሀ» (50)፣ መካከለኛው ለ«ሐ» (33)፣ ትንሹ ለ«ለ» (26) ሲሆን ድምሩ 109 ይመጣል፤ ከሌሎቹ አምስቱ አንዱም አይደርስበትም። ከኪራዩ የተረፈውን 9 ለሦስት አካፍላችሁ ከየግምቱ 3 ቀንሱ። «ሀ» 47፣ «ሐ» 30፣ «ለ» 23 ይከፍላሉ፤ ድምሩ 100።

ውበቱ እዚህ ላይ ነው፦ እያንዳንዱ ሰው «ያወጣል» ብሎ ከገመተው 3 ቀንሶ ከፈለ። የሌላውን ክፍል በዚያ ዋጋ ስጡኝ የሚልም የለም። ለምሳሌ «ለ» መካከለኛውን 32 ገምቶት ነበር፤ በ30 ቢያገኘው ትርፉ 2 ነው፣ አሁን ባለበት ክፍል ግን 3 አተረፈ። ትርፉን እኩል መቀነስ ሁልጊዜ እንዲህ አይገጥምም። ከስሌቱ በኋላ አንዱ አሁንም የሌላውን ክፍል የሚመኝ ከሆነ የተመኘው ክፍል ዋጋ ትንሽ ከፍ፣ የእሱ ደግሞ በዚያው ልክ ዝቅ ይበል፤ ምኞቱ እስኪበርድ። ሒሳብ ሊቁ ፍራንሲስ ሱ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ብዙም ከባድ ባልሆኑ ቅድመ ሁኔታዎች ሁሉም የየራሱን ክፍል የሚመርጥበት የኪራይ ክፍፍል እንደማይጠፋ አሳይተዋል። ስለዚህ ድርድሩ ሲረዝም መልስ የለውም ብላችሁ አትተዉት።

ይህ ቤት ፍለጋውን እንዴት ይነካል? ከሦስቱ አንዱ ከ20 በላይ መክፈል አይችልም እንበል። እኩል ለመክፈል ከተስማማችሁ ከ60 በላይ የሆነ ቤት ሁሉ ከዝርዝራችሁ ወጣ። ትንሹ ክፍል የኪራዩን 23 በመቶ የሚይዝበት ቤት ከሆነ ግን እስከ 86 ድረስ ልታዩ ትችላላችሁ፤ 23 በመቶው 20 እንኳ አይሞላም። እርግጥ የትልቁ ክፍል ባለቤት 40 ገደማ፣ የመካከለኛው 26 ገደማ መቻል አለባቸው። የእነሱ አቅም እኩል ከሆነና ትልቅ ክፍል የሚፈልግ ከሌለ ስሌቱ አይሠራም። በየቤቱ ሁሉ ግምት መጻፍ አያስፈልግም፤ ከመውጣታችሁ በፊት ግን እያንዳንዱ የአቅሙን ጣሪያ በቁጥር ይናገር፣ «እስቲ እናያለን» ቁጥር አይደለም። በጣሪያው ውስጥ መብራት፣ ውኃ፣ ኢንተርኔትና የትራንስፖርት ወጪ ይግቡ። ርካሽ ተብሎ የተገኘ ሩቅ ቤት ልዩነቱን በታክሲ መልሶ ይበላል።

ድርሻው ከተቆረጠ በኋላ አፑ ላይ ማስገባቱ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የኪራይ ወጪ ክፈቱ፣ ማን እንደከፈለ ምረጡ፣ ከክፍፍል ዓይነቶቹ «በድርሻ» የሚለውን ነክታችሁ 47፣ 30፣ 23 ጻፉ፣ በየወሩ እንዲደገም አድርጉ። ከ«ትክክለኛ መጠን» ይልቅ ድርሻን የምንመርጥበት ምክንያት አለ፤ አከራዩ ኪራይ ሲጨምር ጠቅላላውን ቁጥር ብቻ ትቀይራላችሁ፣ ጭማሪው በዚያው ልክ ይዳረሳል። መብራትና ውኃ በክፍል ሳይሆን በሰው ቁጥር ይካፈሉ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው የሚኖር ከሆነ ለእነሱ ሁለት ድርሻ። ኢንተርኔት እኩል። አንድ ሰው ለረጅም ጊዜ ሲሄድ የመብራት ድርሻው ይነሣለት ወይስ ይቀጥል የሚለውን አፑ አይጠይቃችሁም፤ ቀድማችሁ የቀን ገደብ ካልቆረጣችሁ በየጉዞው አዲስ ክርክር ነው።

ለአከራዩ በዋስትና የሚሰጠው ማስያዣ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ብዙዎች ማስያዣውን እንደ አንድ ተራ ወጪ ከሳሙናና ከአምፖል ጋር ይመዘግቡታል። ሌሎቹ ድርሻቸውን ከፍለው ሲጨርሱ ቀሪው ዜሮ ይሆናል፤ አፑም «ተጠናቋል» ይላል። ገንዘቡ ግን አከራዩ እጅ ነው ያለው፤ ከዓመት በኋላ ሲመለስ ማን ስንት እንዳዋጣ ከመቶ ወጪዎች ሥር መፈለግ ነው። ለማስያዣ ብቻ የሚሆን ሌላ ግሩፕ ክፈቱ። በወጪው ማስታወሻ ላይ የተከፈለበትን ቀን፣ የየሰዉን ድርሻና ስትገቡ ግድግዳው፣ ቧንቧው፣ በሩ የነበረበትን ሁኔታ ጻፉ። በመሃል አንድ ሰው በሌላ ከተተካ አዲስ የሚገባው ሰው የሚወጣውን ሰው ድርሻ በቀጥታ ለሚወጣው ይክፈልና ዝውውሩ እዚያው ይመዝገብ። ከዚያ በፊት ግን ክፍሉ ይታይ፤ ያለዚያ አዲሱ ሰው የሌላውን ጥፋት ዕዳ ገዛ ማለት ነው።

«ሲምፕሊፋይ ዴትስ» የሚባለው ዕዳ ማቅለያ ሰውን ሲያደናግር ይታያል። «ሀ» ለ«ለ» 10፣ «ለ» ደግሞ ለ«ሐ» 10 ካለባቸው፣ አፑ መሃሉን ዘሎ «ሀ» ለ«ሐ» 10 ይክፈል ይላል። ስሌቱ ልክ ነው፣ የማንም የተጣራ ሒሳብ አይለወጥም። ግን «እኔ ከእሱ የተበደርኩት የለም» የሚል ሰው አይጠፋም። አራትና ከዚያ በላይ ለሆናችሁ የዝውውሩን ቁጥር ስለሚቀንስ ይጠቅማል፤ ሁሉም ከገባው በኋላ ብቻ ክፈቱት።

ነጻው ዕትም ላይ ማስታወቂያ አለ፤ በቀን የሚመዘገበው ወጪም የተገደበ ነው። ኑሮው ከተረጋጋ በኋላ ገደቡ ብዙም አይጎዳ። የሚያበሳጨው ቤት በሚገባበት ቀን ነው፤ መጋረጃ፣ ቁልፍ፣ ባልዲ፣ አምፖል፣ የዕቃ ጫኝ ሒሳብ በአንድ ቀን ይመጣል። መፍትሔው የአንድ ሰው ወጪዎችን ደምሮ በአንድ መስመር ማስገባትና ዝርዝሩን ማስታወሻው ላይ መጻፍ ነው። የሚከፈልበት ዕትም የደረሰኝ ንባብ፣ ፍለጋና የገንዘብ ምንዛሪ ይጨምራል። ለደባል ቤት ከእነዚህ ውስጥ የሚያጓጓው ፍለጋው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ወጪዎቹን በወጥ ስም ለሚጽፍ ቤት የግድ አይደለም። «መብራት ጥር» ተብሎ የተጻፈ ይገኛል፤ «ያ ነገር» ተብሎ የተጻፈ በክፍያም አይገኝ።

ማንኛውም የግሩፕ አባል የሌላውን ወጪ ማስተካከልም መሰረዝም ይችላል። ያስደነግጣል፤ ግን ማን እንደነካው የእንቅስቃሴ ዝርዝሩ ላይ ይታያል፣ የተሰረዘውም ይመለሳል። ዕዳ መዝጊያው «ሴትል አፕ» ላይ ጥሬ ገንዘብ ተከፈለ ብላችሁ ስትመዘግቡም አፑ ገንዘቡ በእርግጥ እጅ መግባቱን አያጣራም፤ ስለዚህ መመዝገብ ያለበት ተቀባዩ ቢሆን ይመረጣል።

ከሁሉ የከፋው አለመግባባት ከአፑ ውጭ የሚነሣው ነው። ስክሪኑ «ያንተ ድርሻ 23» ይላል፤ ውሉ ግን እንዲያ ላይል ይችላል። በብዙ አገሮች ጓደኛሞች አንድ ውል ላይ አብረው ሲፈርሙ እያንዳንዱ ለጠቅላላው ኪራይ ተጠያቂ የሚሆንበት አሠራር የተለመደ ነው፤ አንዱ ካልከፈለ አከራዩ ቀሪውን ከፈለገው ሰው ይጠይቃል። ውሉ በአንድ ሰው ስም ብቻ ከሆነ ደግሞ ሸክሙ ሁሉ በእሱ ላይ ነው፤ ሌሎቹም በበኩላቸው ቤቱ ላይ የሚያሳዩት ወረቀት የላቸውም። ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ከውሉ ላይ አንብቡ፦ ተጠያቂነቱ የጋራ ነው የተናጠል፣ አንድ ሰው በመሃል ሲወጣ መተካት ይፈቀዳል ወይ፣ የመውጫ ማስታወቂያው ስንት ቀን ነው። የእርስ በርስ ስምምነታችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ፈርሙበት፤ ድርሻዎቹም እዚያ ይኑሩ።

ሰው ሲወጣ የሚረሳ ነገር አለ። በየወሩ የሚደገመው የኪራይ ወጪ የወጣውን ሰው ስም ይዞ ይቀጥላል፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ ከተማ ላለ ሰው ዕዳ ይጻፋል። ድግግሞሹን አቁሙና ከአዲሱ አባል ጋር አዲስ ክፈቱ፤ አሮጌውን አታርሙት፣ ያለፈው ታሪክ ይበላሻል። ቀሪ ሒሳቡ ዜሮ ያልሆነ አባል ከግሩፑ አይወጣምና መጀመሪያ ዕዳው ይዘጋ። የክፍል ለውጥ ካለም ግምቱ እንደገና ይጻፍ፤ አዲሱ ሰው በማያውቀው ድርድር የተቆረጠ ድርሻ ተሸክሞ መግባት የለበትም።

ሁለት ብቻ ከሆናችሁና ወጪያችሁ ኪራይና መብራት ብቻ ከሆነ አፑ አያስፈልጋችሁም፤ ደብተር ይበቃል። ከሦስት ጀምሮ፣ በተለይ ገቢያችሁ የተለያየ ከሆነ፣ መጫኑ ያዋጣል። የመጨረሻውን ሒሳብ ዘግታችሁ ቤቱን ስትለቁ ግሩፑን ለመሰረዝ አትቸኩሉ። በኮምፒውተር ገብታችሁ መዝገቡን በሰንጠረዥ ፋይል አውርዱ፤ ማስያዣው ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው ሁሉም ከተበተነ በኋላ ነው።