አይሪሽ ቋንቋ ለማስጠናት፦ ወረቀት መለጠፍ ወይስ ኦንላይን?

አየርላንድ ውስጥ ጎልዌይ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ አይሪሽ ቋንቋ አቀላጥፋ የምትናገር ልጅ አለች እንበል። ማስጠናት ፈልጋለች። ማስታወቂያውን የት ታውጣው?

እኔ የሰፈር ሱቅ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት እመርጣለሁ። የሚያነቡት ወላጆች ናቸው፤ የሚከፍሉትም እነሱ ናቸው። ዳቦ ሊገዛ የገባ አባት ከግርጌው ስልክ ቁጥሯ ያለበትን ቁራጭ ገንጥሎ ኪሱ ይከታል። ሁለት ሦስት ቁራጭ ተገንጥሎ ያየ ቀጣዩ ሰው ደግሞ ልቡ ይደፍራል። ታዲያ ወረቀት ከሰፈር አያልፍም።

ኦንላይን ከአገሪቱ ሰሜን ከዶኔጋል እስከ ደቡብ ምዕራቧ ኬሪ ይደርሳል። ይህ ለአይሪሽ ቀላል ነገር አይደለም። ቋንቋው ሦስት ዋና ዋና ዘዬዎች አሉት፦ የደቡቡ የመንስተር፣ የምዕራቡ የኮናክት እና የሰሜኑ የአልስተር። ኬሪ ያለ ተማሪ የለመደው የመንስተሩን ነው። ስለዚህ የራሷን ዘዬ ማስታወቂያው ላይ ትጻፈው። ኦንላይን ግን ተፎካካሪው ብዙ ነው፤ ዋጋ ቀንሺ የሚልም አይጠፋም።

የትም ይውጣ፣ ጽሑፉ ላይ መድከም አለባት። "አይሪሽ አስጠናለሁ" ብቻውን ማንንም አያስቆምም። በአየርላንድ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ በሆነው በሊቪንግ ሰርት ፈተና ከአይሪሽ ውጤት 40 በመቶው የቃል ነው። ተማሪው ፈታኙ ፊት ተቀምጦ ግጥም ያነባል፣ ተከታታይ ሥዕሎች እያየ ታሪክ ይናገራል። ብዙ ልጅ የሚጨነቀው እዚህ ጋ ነው። "ለቃል ፈተናው አለማምዳለሁ" የምትል አንዲት መስመር እናትየውን ስልክ ታስነሳታለች።

ፈተናው ፋሲካ አካባቢ ነው። ወረቀቱ በፈረንጆቹ ጥር ይለጠፍ፣ ኦንላይኑ ከዚያ ይከተል።