መሪ ይዤ የማዳምጠው ኤንፒአር፦ ጥሩነቱ፣ ማዳላቱና የሸሸው አድማጭ

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ሐበሻ 88.5 ኤፍኤምን ሳያውቀው አይቀርም። ደብሊውኤኤምዩ ይባላል። የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ ነው፤ የኤንፒአርን (ናሽናል ፐብሊክ ሬዲዮ) ፕሮግራሞች ለአካባቢው ያደርሳል። መኪናዬ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚያወራው እሱ ነው። ሰሞኑን «ኤንፒአር ያዳላል ይባላል፣ እውነት ነው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ የሚመስለኝን በግልጽ ልጻፍላችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ብዙዎቻችን ኤንፒአርን ከአሜሪካ ድምፅ ጋር እናምታታዋለን። የአሜሪካ ድምፅ የመንግሥት ነው። ኤንፒአር ግን በ1970 የተቋቋመ፣ ለትርፍ የማይሠራ የግል ድርጅት ነው። ፕሮግራም እያዘጋጀ በየከተማው ላሉ ጣቢያዎች ይሸጣል። ጣቢያዎቹ ደግሞ ከአድማጭ መዋጮ፣ ከስፖንሰር፣ እስከ 2025 ድረስም ከፌዴራል መንግሥት በሚያገኙት ገንዘብ ይገዙታል።

አሁን ወደ ጥራቱ። በዚህ በኩል የሚወዳደረው ያገኘሁለት የለም። በየሰዓቱ መጀመሪያ አጠር ያለ ዜና አለ፣ ጩኸት የለበትም፣ እንግሊዝኛው የጠራ ነው። አዲስ ለመጣ ሰው ጆሮ ማስለመጃ ይሆናል ብዬ ብዙ ሰው እንዲሰማው መክሬያለሁ። ከሁሉ የምወደው ዘገባ የሚሠሩበትን መንገድ ነው። ዘጋቢው አንድ ገበሬ ጋ ከሄደ መጀመሪያ የምትሰሙት በሩ ሲጢጥ ሲል፣ ውሻው ሲጮኽ ነው። ከዚያ ሰውየው ራሱ ይናገራል፣ ዘጋቢው ኋላ ይመጣል። እዚያው የቆማችሁ ያህል ይሰማችኋል። ጠዋት «ሞርኒንግ ኢዲሽን»፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ1971 ጀምሮ ያለው «ኦል ቲንግስ ኮንሲደርድ» እንዲህ ባሉ ዘገባዎች የተሞሉ ናቸው።

ማዳላቱስ? አዎ፣ ያዳላል። ይዋሻል ማለቴ አይደለም። አድልዎው ያለው ማንን እንደሚጋብዝ፣ የቱን ጥያቄ እንደሚያነሳና የቱን እንደሚያልፍ ላይ ነው። ስለ ስደተኛ፣ ስለ ፅንስ ማስወረድ፣ ስለ መሣሪያ ሲወራ ሊበራሉ ወገን ሐሳቡን ያብራራል፤ ወግ አጥባቂው ግን የሚጠራው መልስ እንዲሰጥ ነው። አንድ ጊዜ ቨርጂኒያ ውስጥ ካለችው ማናሳስ የተሳፈረ አዛውንት ሬዲዮውን እንድቀይርለት በትሕትና ጠየቀኝ። ለምን ስለው «ስለ እኛ ያወራሉ እንጂ ከእኛ ጋር አያወሩም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ይሄን ልብ ብዬ ስሰማ ሰውየው እውነት አለው።

በአደባባይ የወጣውም ቢሆን ቀላል አይደለም። በ2020 ምርጫ ሰሞን የጆ ባይደን ልጅ የሃንተር ላፕቶፕ ላይ ተገኙ ስለተባሉ ኢሜይሎች ወሬ ሲወጣ የኤንፒአር አርታኢ «ዜና ባልሆነ ነገር ጊዜ አናጠፋም» የሚል መልስ ሰጥተው ነበር። የድርጅቱ ኃላፊ ካትሪን ማህር በመጋቢት 2025 ኮንግረስ ፊት ቀርበው፣ ያንን ጉዳይ ቀደም ብለንና ጠንከር አድርገን አለመዘገባችን ስህተት ነበር ብለዋል። ከዚያ በፊት፣ በሚያዝያ 2024፣ እዚያው 25 ዓመት የሠራው አርታኢ ዩሪ በርሊነር ችግሩን በረጅም ጽሑፍ አውጥቶታል። እሱ ባቀረበው ቁጥር በ2011 ከአድማጮቹ 26 በመቶው ወግ አጥባቂ ነን ይሉ ነበር፤ በ2023 ወደ 11 በመቶ ወረደ፣ ሊበራሉ 67 በመቶ ደረሰ። ዲሲ ውስጥ ካሉት የኤዲቶሪያል ሠራተኞች 87 የተመዘገቡ ዴሞክራቶች አግኝቻለሁ፣ ሪፐብሊካን ግን አንድም የለም ብሏል። የ«ሞርኒንግ ኢዲሽን» አቅራቢ ስቲቭ ኢንስኪፕ ይሄን ተቃውሞ፣ እኔ ራሴ በየትኛውም ፓርቲ አልተመዘገብኩም ሲል መልሷል። በርሊነር ሳያስፈቅድ ለሌላ ሚዲያ ጻፍክ ተብሎ አምስት ቀን ያለ ደመወዝ ታገደ፤ ብዙም ሳይቆይ ለቀቀ።

ማገዳቸው ትክክል አልመሰለኝም። ማይክ ሰጥተው ማከራከር ይችሉ ነበር። ግን እዚህ ላይ አንድ የማከብርላቸው ነገር አለ። መታገዱን ቀድሞ የዘገበው የኤንፒአር የራሱ የሚዲያ ዘጋቢ ዴቪድ ፎልከንፍሊክ ነው። የመንግሥትን ሬዲዮ እየሰማን ላደግን ሰዎች ጣቢያ የራሱን ገበና በራሱ አንደበት ሲያወጣ መስማት ትልቅ ነገር ነው።

አድማጩ መሸሹም እውነት ነው። በ2020 በሳምንት 60 ሚሊዮን ይገመት የነበረው በ2024 ወደ 42 ሚሊዮን መውረዱን ኒውዮርክ ታይምስ ጽፏል። ይሄን ሁሉ ግን በማዳላቱ ብቻ ማሳበብ ልክ አይደለም። ሬዲዮ የመኪና ነገር ነው። ኮቪድ መጥቶ ሰው ከቤቱ መሥራት ሲጀምር ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ የሚያዳምጠው አብሮ ጠፋ። ወጣቱ ደግሞ ገና በሩን ሳይዘጋ ኢርፎኑን ጆሮው ላይ ይሰካል። ኤንፒአር ራሱ በ2023 ገንዘብ አጥሮት አሥር በመቶ ያህል ሠራተኛ ቀንሷል። ዘመኑን መመለስ አይችልም። የእንግዳ ዝርዝሩን ማስፋት ግን ይችላል፣ ያውም ነገ ጠዋት።

የመንግሥት ገንዘብ መቋረጡን ግን አልደግፍም። በሐምሌ 2025 ኮንግረስ ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ለሁለት ዓመት የተመደበውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር መልሶ ወሰደ። ገንዘቡን የሚያከፋፍለው የሕዝብ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽንም እንደሚዘጋ በነሐሴ አስታወቀ። ኤንፒአር በቀጥታ ከዚያ ያገኝ የነበረው ከበጀቱ አንድ በመቶ ገደማ ነው። የተመቱት የገጠር ጣቢያዎች ናቸው። አላስካ፣ ቤቴል ከተማ ውስጥ በእንግሊዝኛና የአካባቢው ተወላጆች በሚናገሩት በዩፒክ ቋንቋ የሚያሰራጭ ኬዋይዩኬ የሚባል ጣቢያ አለ፤ ከግማሽ በላይ በጀቱ የሚመጣው ከዚያ ነበር። ከአገሩ ርቆ በገዛ ቋንቋው ሬዲዮ የሚፈልግ የእኛ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ዲሲ ያሉ አርታኢዎች ባጠፉት እነሱ ናቸው የተቀጡት።

እና ይደመጥ? ይደመጥ። የጠዋቱን ዜናና የመስክ ዘገባዎቹን አትለፉ። ጊዜ ለሌለው «አፕ ፈርስት» የሚባለው አጭር የጠዋት ፖድካስት ይበቃል። የፖለቲካ ትንታኔው ሲጀምር ግን የሌላውን ወገንም ከሌላ ቦታ ፈልጋችሁ ስሙ። እኔ ለጣቢያው በየወሩ የማዋጣትን ትንሽ ገንዘብ አላቆምም፤ የማናሳሱ ሰውዬ ያለኝንም ጽፌ እልክላቸዋለሁ።