«መሠረታዊ ገቢ በስማርት ኮንትራት» ከሚሏችሁ ራቁ

ዛሬ ጠዋት ነው የተዘረፍኩት። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው።

አሠራራቸውን ታውቁታላችሁ። ቀኑን ሙሉ «ገባልኝ፣ ተመስገን» የሚል ስክሪንሾት የሚለጠፍበት የቴሌግራም ግሩፕ፣ ከዚያ ቦሌ አካባቢ የሚያብረቀርቅ ቢሮ። የእነዚህ ወሬ ግን ለየት ይላል። ሥራ ኖራችሁም አልኖራችሁም በየሳምንቱ መሠረታዊ ገቢ ታገኛላችሁ ይላሉ። የሚከፍለው ሰው ሳይሆን ስማርት ኮንትራት የሚሉት፣ ብሎክቼይን (ብዙ ኮምፒውተሮች የሚጋሩት ዲጂታል መዝገብ) ላይ የተቀመጠ በራሱ የሚሠራ ኮድ ስለሆነ ማንም አይሰርቀውም ይላሉ። መጀመሪያ አካባቢ እውነትም ትንሽ ትንሽ ይገባ ነበር። ሲቆም ቢሮ ሄድኩ።

እንግዳ ተቀባይዋ ቀና ብላም አላየችኝም። «ኮንትራቱ ተቀይሯል፣ ማደስ አለብሽ» አለችና ስልኬን ተቀብላ ሊንክ አስገባችበት። «አፕሩቭ» የሚል ቁልፍ መጣ። የገንዘቡ መጠን ያለበት ቦታ «አንሊሚትድ»፣ ማለትም ያለ ገደብ፣ ይላል። «ይሄ ምንድነው?» አልኳት። «ለሁሉም እንደዛ ነው» ብላ ስክሪኑን በጥፍሯ መታ መታ አደረገች። «ተጫኚው እንጂ፣ ወረፋ አለ።» ተጫንኩት። እሷ ቡናዋን ፉት አለች። ዋሌቴ (ስልኬ ላይ ያለው የክሪፕቶ ቦርሳ) ውስጥ 420 ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ክሪፕቶ) ነበር፤ አብዛኛው ወንድሜ ከሪያድ ለእናታችን የዓይን ሕክምና የላከው። ዓይኔ እያየ ዜሮ ሆነ። ለካ ቁልፉ ኮዱ ከዋሌቴ ያለ ገደብ እንዲወስድ መፍቀጃ ነበር።

ስጮህባት ድምጿን እንኳን አልቀየረችም። «እኛ አልነካነውም፣ አንቺ ነሽ የፈቀድሽለት። ቴክኖሎጂው ካልገባሽ ምን አስገባሽ?» ከጎኗ ያለው ልጅ ሳቀ። «አምስት ሰው አምጪና ትመልሺዋለሽ» አለኝ፣ በዚያችው ደቂቃ! ፖሊስ እጠራለሁ ስል ደግሞ፣ «ጥሪ። ክሪፕቶ ክልክል መሆኑን ብሔራዊ ባንክ በ2014 ተናግሯል፣ ምን ብለሽ ልትከሺን ነው?» አለችኝ። ደንበኛ እንዳይከሳቸው ሕጉን ራሱ ተደግፈው ነው የሚሠሩት። ታክሲ ሳልይዝ ከግሩፑ አስወጥተውኛል።

ኮድ አይሰርቅም ማለት ውሸት ነው። ኮድ የጻፈው ሰው ያዘዘውን ይሠራል። ፎርሳጅ የሚባለው የማጭበርበሪያ ድርጅትም በስማርት ኮንትራት ነበር የሚሠራው፤ ከአዲስ አባላት እየወሰደ ለቀደሙት ያከፋፍል ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስበዋል ብሎ 11 ሰዎችን ከሷል።

የሚያንገበግበኝ ሐሳቡ ራሱ ደግ መሆኑ ነው። ጉድዶላር የሚባለውን ፕሮጀክት የመሰሉ፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚሁ ቴክኖሎጂ ለሰው በነጻ የሚያድሉ አሉ። የሚሰጡት በጣም ጥቂት ነው፣ ግን ገቢ ለመስጠት ብለው ክፈሉ አይሉም። እነዚህኞቹ የደሃን ተስፋ አይተው ነው በስሙ የሚነግዱት። ግሩፑ ውስጥ ጡረታ የሌላቸው እናቶች፣ ከአረብ አገር ባዶ እጃቸውን የተመለሱ እህቶች አሉ። አሁንም «መቼ ነው የሚገባው?» እያሉ እየጠየቁ ይሆናል።

«አድሱ» ካሏችሁ አትጫኑ። ቀድማችሁ የተጫናችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ትሮንስካን (ትሮን የሚባለው ብሎክቼይን ላይ ያለውን ዝውውር የሚያሳይ ድረ ገጽ) ላይ ዋሌታችሁን አገናኙና አፕሩቫል የሚለው ውስጥ ፈቃዱን ሰርዙት። ለክፍያው ትንሽ ቲአርኤክስ (የትሮን የራሱ ገንዘብ) ያስፈልጋችኋል። ካልሰረዛችሁት ነገ የሚገባላችሁንም ዩኤስዲቲ ይወስዱታል።