የአያቴ ውጅግራና የደሴው ብር ሠሪ

ደሴ ፒያሳ አቅራቢያ ከሚሠሩት ብር ሠሪዎች ለአንዱ፣ ፈቃድ ያለውን የአያቴን ውጅግራ ጠመንጃ ሰደፉን በብር እንዲያስጌጥልኝ ሰጥቼው ነበር። ሥራው ካለቀ ወራት ስላለፉና አያያዙንም ስላየሁት፣ አሁን አስተያየቴን ብጽፍ ቸኮለ የሚለኝ አይኖርም።

ውጅግራ ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. የሠሩት፣ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት አንድ አንድ እያጎረሱ የሚተኩሱበት ጠመንጃ ሲሆን፣ ስሙም «ፉዚል ግራ» ከሚለው የመጣ ነው። የእኛው ብረት ላይ የሳንቴትየን ፋብሪካ ስም አምሮ ተቀርጾበታል፤ ለእኔ ግን ከዚያ የሚበልጥብኝ ሰደፉ ላይ ያለው ጭረት ነው። አያቴ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ከዋሉ በኋላ፣ በካራ ጫፍ ይሁን በምስማር ባላውቅም፣ «አባ ዳማ» የሚለውን የፈረስ ስማቸውን ጭረውበታል። «ዳ» ተጣሟል፣ «ማ» ቦታ አጥሮት ወደ ታች ወርዷል። ንጉሥ ሚካኤል «አባ ሻንቆ» ተብለው በተፎከረላቸው በወሎ ምድር፣ የፈረስ ስም ከመጠሪያ ስም የማይተናነስ መሆኑን ለአገሬው ሰው መንገር አያስፈልገኝም።

የእኔ ሐሳብ ይህን ጭረት በብርጭቆ ወረቀት አስፍቆ በአማረ ፊደል ማስቀረጽ ነበር። አንጥረኛው አስቀድሞ የፈቃዱን ወረቀት አየ፣ ቁጥር ያለበትን ብረት እንደማይነካ ነገረኝ፣ ከዚያም ጭረቱን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ «ልጄ፣ ይህን ከፋቅሁት እኮ እሳቸውን ሰረዝኳቸው ማለት ነው» አለኝ። በዚህች አንድ ንግግር ብቻ ገንዘቤ የሚገባው ሰው መሆኑን አመንኩ።

ብሩን ያወጣነው እናቴ ካስቀመጠችው አንድ ጠገራ፣ ማለትም ከድሮው የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው። ጠገራ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ከስድስት እጁ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። እፊቴ አቅልጦ፣ እየቀጠቀጠ፣ ሲደርቅበት መልሶ በእሳት እያለሰለሰ ስስ ጠፍጣፋ አወጣለት፤ እንዳይንቀሳቀስም በሬንጅ ላይ አጣብቆ መቅረጫውን በትንሽ መዶሻ መታ መታ ሲያደርገው፣ ብሩ እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ እየተጠቀለለ ይነሣ ነበር። ደንበኛ ሁሉ የሚያዘውን አንበሳ ትቼ የተጫነ ፈረስ እንዲቀርጽልኝ ጠይቄው፣ ልጓሙንና የኮርቻውን ጥልፍ እጅን በአፍ በሚያስጭን ጥራት ሠርቶታል። የፈረሱ ፊት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወደ አህያ ያደላል።

የማልደብቀው ቅሬታም አለኝ። በአሥር ቀን አደርሳለሁ ያለውን በአምስት ሳምንት አደረሰ፣ ስልክም አያነሣም። ከሁሉ የከፋኝ ግን ያን የመሰለ ጠፍጣፋ በሚያብለጨልጩ የሱቅ ብሎኖች ማሰሩ ነው፤ ባረጀው እንጨት ላይ ከሩቅ ዓይን ይወጋሉ። ለእጅ ሥራው 6,000 ብር ከፍያለሁ፤ ርካሽ ባይሆንም አልጸጸተኝም፣ የተረፈውንም ብር ሳይጠየቅ መዝኖ መልሶልኛል። ጠፍጣፋው ከጭረቱ በላይ ስለተቀመጠ «አባ ዳማ» እንደተጣመመ ይነበባል።

የሚሄድ ሰው ፈቃዱን ይያዝ፣ ቃታውን ፈትቶ ቤቱ ይተው፣ ስለ ማሰሪያው ምስማርም አስቀድሞ ይነጋገር። እኔም በመለሰልኝ ቁራጭ ብር ምስማር ሊሠራልኝ ስለተስማማን፣ በሚመጣው ሰኞ ሰደፉን ይዤለት እወጣለሁ።