የላቦራቶሪያችንን የሰዓት ችግር ከሥሩ ላገኘችልን ፕሮግራመር፦ ምስጋናና ጥቆማ

የምሠራበት የሕክምና ላቦራቶሪ የውጤት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ጃቫ በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን፣ ሰርቨሩ ከጃቫ 17 ወደ ጃቫ 21 ከተዛወረ በኋላ ከመመርመሪያ ማሽኖቹ የሚመጡትን ውጤቶች አልቀበልም ማለት ጀመረ። ይህን የምጽፈው የችግሩን ምንጭ ፈልጋ ያገኘችልንን፣ በግሏ የምትሠራ ፕሮግራመር በአደባባይ ለማመስገንና ተመሳሳይ ነገር ለገጠማችሁ ለመጠቆም ነው።

ከእርሷ በፊት ያየው ባለሙያ ነገሩን በእኛ የሰዓት አቆጣጠር አሳብቦ ነበር። ጠዋት 2፡30 የምንለውን ማሽኑ 8፡30 ኤኤም ብሎ ስለሚጽፍ ግምቱ እንኳ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሆኖም በዚያ መንገድ የተሞከረው ሁሉ ውጤት አላመጣም። እርሷ ግን አንዳች ግምት ከመሰንዘሯ በፊት የትኛው መዝገብ እንደሚያልፍና የትኛው እንደሚወድቅ ለይታ አስቀመጠች። ሶፍትዌሩ ከዝውውሩ ወዲህ ራሱ የጻፈውን ሰዓት ያለ ችግር መልሶ ያነብባል፤ ከማሽኑ የመጣውንም ሆነ ቀድሞ ተጽፎ የተቀመጠውን ግን አይቀበልም። ሁለቱ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ሲታዩ ምንም ልዩነት የላቸውም።

ቀጥላም ከሶፍትዌራችን ነጥላ አንድ ሰዓት ብቻ የምታነብ፣ ጥቂት መስመር ያላት ፕሮግራም ጽፋ በየዕትሙ አስኬደቻት። በጃቫ 19 አለፈች፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2023 በወጣው ጃቫ 20 ወደቀች። ከዚያም የሁለቱን ጽሑፎች ቁምፊዎች አንድ በአንድ ወደ ቁጥር ለውጣ አሳየችኝ፤ በሰዓቱና በ«ኤኤም» መካከል ያለው ባዶ ቦታ በማሽኑ ጽሑፍ 32፣ በአዲሱ ጃቫ ጽሑፍ ግን 8239 ሆኖ ተገኘ። የኋለኛው መስመር የማያስቆርጥ ጠባብ ክፍተት ነው፤ ለዓይን ሁለቱም ባዶ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን እንደ «ሀ» እና «ለ» የተለያዩ ናቸው።

እኔ ይበቃል ባልኩበት እርሷ ማረጋገጫ ፈለገች። የጃቫ 20ን የለውጥ ማስታወሻ አውጥታ፣ ለውጡ የመጣው ጃቫ የየአገሩን የቀንና የሰዓት አጻጻፍ ከሚወስድበት ከዩኒኮድ ሲኤልዲአር 42ኛ ዕትም መሆኑን አሳየችን። ለእኛ ይሠራ የነበረን ነገር ያበላሸ ሪግሬሽን ቢሆንም፣ ለአዘጋጆቹ ታውቆ የተደረገ ለውጥ ስለሆነ እንደ አዲስ ስህተት ብናመለክት ከመዘጋት እንደማያልፍ በግልጽ ነገረችን። ሥራን ከባድ ለማስመሰል ለሚፈልግ ሰው ይህን መናገር ቀላል አይመስለኝም።

የቀድሞውን አጻጻፍ የሚመልስ «ኮምፓት» የተባለ የጃቫ ቅንብር ስለነበረ፣ አንድ መስመር ጨምራ ሂሳቧን ተቀብላ መሄድ ትችል ነበር። ይህ አማራጭ ግን በጃቫ 23 መወገዱን አስረድታን፣ የሰዓቱ ቅርጽ በኮዱ ውስጥ በግልጽ እንዲጻፍ አደረገች፤ ከማሽንም ሆነ ከድሮው መዝገብ የሚመጣውን ክፍተት ሁሉ ወደ አንድ ዓይነት የሚለውጥ ማጣሪያም አስገባች። ያችን ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ ጃቫ በተቀየረ ቁጥር ቀድማ እንድትሠራ መሞከሪያ አድርጋ ትታልናለች፤ በእኔ ግምት ከጥገናው ይልቅ ዋጋ ያለው ይህ ነው።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ስልክ ቶሎ አታነሳም። ችግሩን በጽሑፍ፣ ከነወደቀው ፋይልና ከነኤረር መልእክቱ ላኩላት። ሳላስፈቅዳት ስሟንና አድራሻዋን እዚህ መጻፍ ስላልወደድኩ፣ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ከእርሷ ጋር አገናኛችኋለሁ።